ደዴ «እኔ» ለማለት ለምን እስከ መጨረሻው ጠበቀች? («በቢራቢሮዎቹ ዘመን»ን ያነበባችሁ ኑ)

ገጽ_በገጽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጁሊያ አልቫሬዝን «በቢራቢሮዎቹ ዘመን» ትናንት ሌሊት ጨረስኩት። መብራት አጥፍቼ ተጋደምኩ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም። ዛሬ ሥራ ቦታም ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። እዚህ ልጻፈውና እንነጋገርበት። መጨረሻውን እነካለሁ፤ ያላነበባችሁ ግን አትቀየሙኝ፤ ማን እንደሞተና ማን እንደቀረ መጽሐፉ ራሱ ገና ከመጀመሪያው ይነግራችኋል።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) አገሩ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። ራፋኤል ትሩሂዮ ከ1930 ጀምሮ አገሪቱን እንደ ግል እርሻው ያስተዳደረ ጄኔራል ነው። ዋና ከተማዋን ሳንቶ ዶሚንጎን እንኳ በ1936 በራሱ ስም አስጠርቷታል። በዚያች አገር ሳልሴዶ በምትባል የገጠር ከተማ አካባቢ አራት የሚራባል እህቶች ነበሩ፦ ፓትሪያ፣ ደዴ፣ ሚኔርቫ፣ ማሪያ ቴሬሳ። ሦስቱ በኅቡዕ ትግል ውስጥ ገቡ። የምሥጢር ስማቸው «ቢራቢሮዎቹ» ነበር። ኖቬምበር 25 ቀን 1960፣ በእኛ ኅዳር 16 ቀን 1953፣ የታሰሩትን የሚኔርቫንና የማሪያ ቴሬሳን ባሎች ፑዌርቶ ፕላታ ጠይቀው ሲመለሱ የትሩሂዮ ሰዎች መንገድ ላይ አስቆሟቸው። ደብድበው ገደሏቸው። ከዚያ የመኪና አደጋ እንዲመስል ከነጂፑ ገደል ለቀቋቸው። ደዴ አብራቸው አልነበረችም። እስከ 2014 ኖረች።

ይህ እንግዲህ ታሪኩ ነው። እውነተኛ ታሪክ። ልቦለዱ በ1994 ወጣ።

አሁን ወደምለው ልምጣ። ሰው ሁሉ ይህን መጽሐፍ የሦስቱ ሟቾች መጽሐፍ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን የደዴ መጽሐፍ ነው እላለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚኔርቫ ስትተርክ «እኔ» ትላለች። ፓትሪያም «እኔ» ትላለች። ማሪያ ቴሬሳ ደግሞ ዕለት ማስታወሻ ነው የምትጽፈው፤ እሷም «እኔ» ነች። ደዴ ብቻ ከውጭ ነው የምትታየው። «ደዴ ተነሳች፣ ደዴ አሰበች» እየተባለ። በሕይወት ያለችው፣ አፍ ያላት፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ታሪኩን የምትናገረው እሷ ሆና ሳለ፣ በራሷ ምዕራፍ ውስጥ «እሷ» ናት። የሞቱት «እኔ» ይላሉ፣ ያለችው «እሷ» ትባላለች።

ይህ እስከ ማሳረጊያው ድረስ ይዘልቃል። ማሳረጊያው ላይ ስትደርሱ ድንገት ደዴ «እኔ» ትላለች። እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ቤት ውስጥ ዞርኩ። በአማርኛ ቢተረጎም እኮ ልዩነቱ የግሡ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብቻ ነች። «ሄደች» የነበረው «ሄድኩ» ይሆናል። ደዴ ያችን ፊደል ለማግኘት ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀባት።

መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ አንድ ትዕይንት አለ። ቤተሰቡ ማታ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጫወታል። አባትየው ሞቅ ብሎታል፣ የልጆቹን ዕጣ እየተነበየ ነው። ደዴ ላይ ሲደርስ ሁላችንንም በሐርና በዕንቁ ሆና ትቀብረናለች ይላል። እንደ ምርቃት ነው የተናገረው። ሀብታም ትሆናለች ማለቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ የትሩሂዮ ስም ይነሳና ጨለማው ሁሉ ጆሮ ጠቢ የሞላበት ይመስላቸዋል፤ ተነስተው ይገባሉ። ያ ምርቃት ግን መጽሐፉን ሙሉ ደዴን ይከተላታል። ሁሉንም ቀበረች። ካደገች በኋላ ሥራዋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሕይወት ኢንሹራንስ መሸጥ።

ምን ትላላችሁ? የማን መጽሐፍ ነው?

መምህሩ_ከደብረ_ማርቆስ፦

ጥሩ አንብበሃል። የደዴን «እሷ» እና «እኔ» እኔ ልብ ሳልለው አልፌው ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን አልስማማም። ለእኔ የሚኔርቫ መጽሐፍ ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። አንድ ደራሲ ዋና ሰውነቱን ለማን እንደሰጠ ለማወቅ የማን ሰውነት ውስጥ እንደገባ እዩ እላለሁ ለተማሪዎቼ። ሚኔርቫ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች ሲኒታ የምትባል ጓደኛዋ ሌሊት በሹክሹክታ ትሩሂዮ ቤተሰቧን እንዴት እንደጨረሰ ትነግራታለች። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ትሩሂዮ ለሚኔርቫ ከኢየሱስ ሥዕል ጎን የተሰቀለ ሥዕል ነው። ስትነጋ የመጀመሪያውን የወር አበባዋን ታያለች። ደራሲዋ ምንም አታብራራም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ታልፋለች። የልጅነት ማለቂያ ሁለት ጊዜ በአንድ ሌሊት መጣ።

ሌላም አለ። ጥንቸሏ። ሚኔርቫ አባቷን ትምህርት ቤት ካልላክኸኝ እያለች በምትጨቀጭቅበት ሰሞን የጥንቸሎቹን ሳጥን ትከፍታለች። አንዷን ነፃ ልታወጣት ነው። ጥንቸሏ አትወጣም። ትገፋታለች፣ ትመታታለች፣ ጥንቸሏ ታለቅሳለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። ሚኔርቫ ያኔ ይቺ ጥንቸል እንደኔ አይደለችም ብላ ትተዋታለች። ደራሲዋ ለአገሩ ሕዝብ ጥያቄ ያቀረበችው እዚህ ጋ ይመስለኛል። በሩ ተከፍቶልሽ ካልወጣሽስ? ደግሞ ነፃ አወጣሻለሁ ብሎ የሚመታሽ ማን ነው?

ትሩሂዮም የሚያውቀው ሚኔርቫን ነው። ሕግ እንድትማር ይፈቅድላታል። ትማራለች፣ ትመረቃለች። ከዚያ የጥብቅና ፈቃድ ይከለክላታል። ይህ በእውነተኛ ሕይወቷም የደረሰ ነው። እኔ ጨካኝነቱ ከግርፋቱ በላይ እዚህ ላይ ታየኝ። ስንት ዓመት አስለፍቶ በሩ ላይ ሲደርሱ መዝጋት።

በነገራችን ላይ ኅዳር 16 ቀን 1953 ስትል ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ የታኅሣሡ ግርግር ሊፈነዳ 18 ቀን ነበር የቀረው። ዓለም ያኔ ምን ያህል ትታመስ እንደነበር ነው።

ሻይ_ቡና፦

መጽሐፉን አላነበብኩትም። ፊልሙን ግን አይቼዋለሁ፣ ሳልማ ሃየክ የሠራችበትን። ሚኔርቫ ጭፈራ ላይ ትሩሂዮን በጥፊ ስታጮለው ከወንበሬ ነው የተነሳሁት። በእውነት ሆኗል እንዴ?

ገጽ_በገጽ፦

@ሻይ_ቡና ጭፈራው ነበር። በ1949 ነው። ቤተሰቡ በጥሪ ሄዷል። ሚኔርቫ እምቢ ብላዋለች፣ ቤተሰቡም ከትሩሂዮ በፊት ግብዣውን ጥሎ ወጥቷል። ይህ ብቻውን ወንጀል ነበር፤ አባትየው ታስሯል። ጥፊው ግን አፈ ታሪክ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሕዝቡ ሲያወራው የገባ ነው ይላሉ። አልቫሬዝ አፈ ታሪኩን ወስዳ መጽሐፉ ውስጥ አስገባችው። እንዴት እንዳስገባችው ግን እዩ። በመጽሐፉ ውስጥ እጇ ሲነሳ ሚኔርቫ ራሷ እንኳ በደንብ ያዘዘችው አይመስልም። እጁ ከሰውዬው ይቀድማል። ወዲያው ዝናብ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፣ ጀግንነቱን የሚያይበት ጊዜ የለም። ቦርሳዋንም ረስታ ትሄዳለች፤ ውስጡ የሚያስከስሳት ደብዳቤ አለ። ከጥፊው ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ የቦርሳው ነገር ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እኔ ከሌላ በኩል ልግባ። አሜሪካ ከመጣሁ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው።

ደራሲዋ ኒው ዮርክ ተወልዳ ዶሚኒካን ነው ያደገችው። አባቷ በትሩሂዮ ላይ በተጠነሰሰ ሴራ ውስጥ ነበረበት። ሊነቃበት ሲል ቤተሰቡን ይዞ በኦገስት 1960 ሸሸ። ልጅቷ ያኔ 10 ዓመቷ ነው። ወደ አራት ወር ገደማ ቆይቶ ሦስቱ እህቶች ተገደሉ። አባቷ ያለበት ዓይነት ትግል ነው፣ እነሱ ግን አልሸሹም። ይህን ይዛ ነው ያደገችው።

አሁን የመጽሐፉን መክፈቻ አስታውሱ። በ1994 አንዲት ሴት ደዴን ልትጠይቃት ትመጣለች። ከአሜሪካ ነው የመጣችው። ዶሚኒካናዊት ናት፣ ግን ስፓኒሽዋ የተሰባበረ ነው። መንገዱ ይጠፋታል። የምትጠይቀው ጥያቄ ደዴን ያሰለቻታል። ስም የላትም። ያቺ ሴት ደራሲዋ ራሷ ናት፤ ሌላ ልትሆን አትችልም። ራሷን በገዛ መጽሐፏ ውስጥ እንዲህ አሳንሳ አስቀመጠች። ጠያቂ፣ እንግዳ፣ ቋንቋዋ የሚያደናቅፋት።

የኔ ልጅ ባለፈው ክረምት አያቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ስለ ድሮ ጊዜ እንድታወራላት ፈልጋ በስልኳ ልትቀዳት ተቀመጠች። አማርኛዋ እንደምታውቁት ነው። «አያቴ፣ አንቺ ፈርተህ ነበር?» አለቻት። አያቷ አልሳቀችባትም። ዝም ብላ ብዙ አየቻትና «አዎ የኔ ልጅ፣ ፈርቼ ነበር» አለቻት። እኔ ለአርባ ዓመት ያን ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም። በጥሩ አማርኛ ያልጠየቅኩትን እሷ በተሰባበረው ጠየቀች። መጽሐፉን ሳነብ ያች ሴትዮ ስትመጣ ልጄን ነው ያየሁት።

ስለዚህ @ገጽ_በገጽ የደዴ መጽሐፍ ነው ስትል ልክ ነህ። ግን ደዴ «እኔ» ማለት የቻለችው ጠያቂ ስለመጣላት ነው ብዬ እጨምራለሁ።

እናት_ዓለም፦

ስለ ፓትሪያ ማንም ሊጽፍ አይደለም ማለት ነው? እኔ እጽፋለሁ።

ፓትሪያ ትልቋ ናት። ሃይማኖተኛ ናት፣ ልጅ ሆና መነኩሲት ልትሆን ትፈልግ ነበር። በ16 ዓመቷ ገበሬ አገባች። ሆዷ ውስጥ የሞተ ልጅ ወለደች፣ ከዚያም እምነቷ ተናጋ፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ሳሎኗ ውስጥ የትሩሂዮና የኢየሱስ ሥዕል ጎን ለጎን ነው ያሉት። አንድ ቀን ስታያቸው ሁለቱ ፊቶች አንድ ይሆኑባታል። እኔ እዚህ ጋ አማተብኩ። እውነቴን ነው። አምላክ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ካየ ከሰውዬው በምን ተለየ የሚል ጥያቄ ነው፣ ግን እንዲህ ብላ አትጠይቀውም። ሥዕሉን ብቻ ታያለች።

ከዚያ ኮንስታንሳ። በጁን 1959 ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ተራራ ላይ ሱባኤ ገብታለች። አራት ቀን ጸሎት ነበር የታሰበው። ከኩባ በኩል የመጡ አማፅያን በዚያው ሰሞን ወረዱ፤ በ14ኛው ቀን ነው፣ የእህቶቹ ንቅናቄ በኋላ «ጁን 14» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አውሮፕላን ሱባኤ ቤቱን ደበደበው። ፓትሪያ ወለሉ ላይ ተኝታ ቀና ስትል አንድ ልጅ ከጫካው ሲወጣ ታያለች። የሷ ልጅ እኩያ ነው። ዓይኗ እያየ ተኩሰው ጣሉት። ከዚያ ተራራ የወረደችው ሌላ ሴት ናት። ቤቷን ለትግሉ ከፈተች። የንቅናቄው ስብሰባ በሷ ቤት ሆነ። ልጆቿ በሚያድጉበት ቤት መሣሪያ ተደበቀ።

መምህር፣ ሚኔርቫ ደፋር ሆና ነው የተፈጠረችው፤ ይህን ከገጽ አንድ እናውቃለን። ፓትሪያ ግን ፈሪ ነበረች። ባልና ልጅ፣ ጓዳና ጸሎት ነበራት። እሷን ያንቀሳቀሳት ርዕዮተ ዓለም አይደለም፣ የማታውቀው የሰው ልጅ ሬሳ ነው። ለእኔ መጽሐፉ እዚህ ላይ ነው የቆመው።

መምህሩ_ከደብረ_ማርቆስ፦

@እናት_ዓለም እህቴ፣ ተቀጣሁ። እንደገና አነበዋለሁ።

የሐረር_ልጅ፦

እኔ ደግሞ ማሪያ ቴሬሳን ይዤ መጥቻለሁ። ብዙ ሰው ማስታወሻዋን ይንቀዋል። ስለ ጫማ፣ ስለ ቀሚስ፣ ስለ ወንድ ነው የምታወራው ይላሉ። እኔ ግን የመጽሐፉ ከባዱ ሥራ እዚያ ነው የተሠራው ባይ ነኝ።

ማስታወሻውን የሰጠቻት ሚኔርቫ ናት። ልጅቷ ገና አሥር ዓመት አካባቢ ናት። የመጀመሪያው ደብተር ምን ሆነ? ተቀበረ። መንግሥት የሚፈልጋት አንዲት ጓደኛቸው ስሟ ውስጡ ስላለ ሚኔርቫ አስቀበረችው። የልጅ ደብተር እኮ ነው። የልጅ ደብተር መሬት ውስጥ የሚገባበት አገር ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ለመናገር ሌላ ምዕራፍ አያስፈልግም።

በኋላ ቀሚስ የሚሣልበት ቦታ ላይ የቦምብ ሥዕል ይመጣል፣ ክፍሎቹ ከነመጠሪያቸው። ያው እጅ ነው የሣለው። እስር ቤት ስትገባ ደግሞ ደብተሩ ላይ ስሞች በጥቁር ተሰርዘው ታገኛላችሁ። መጽሐፉ ራሱ ሳንሱር የገባበት ይመስላል። ገጹን ብርሃን ላይ አድርጌ ስሙን ልፈልግ ነበር፣ በእውነት።

አሁን ስለ ጉንጉኗ። በ1960 የአሜሪካ አገሮች ድርጅት ኮሚቴ እስር ቤቱን ሊጎበኝ ይመጣል። ትሩሂዮ የቬኔዝዌላውን ፕሬዚዳንት ቤታንኩርን ለማስገደል ከሞከረ በኋላ ጎረቤት አገሮች ሁሉ ፊታቸውን አዙረውበት ነበር። እስረኞቹ ሁለት ወረቀት አዘጋጅተው ማሪያ ቴሬሳ ጉንጉን ውስጥ ይደብቃሉ። አንዱ የንቅናቄው አቤቱታ ነው። ሁለተኛው እሷ ራሷ የደረሰባትን የጻፈችበት ነው። «ላ ኳሬንታ» በሚባለው ምርመራ ቤት፣ ባሏ ፊት፣ የተደረገባትን። ጎብኚዎቹ ሲመጡ የመጀመሪያውን ትጥላለች። ሁለተኛውን አትጥለውም። ጉንጉኗ ውስጥ ይቀራል።

ለምን? ደግ የነበረ ዘበኛ ላይ ጦስ እንዳይመጣ አስባለች። እኔ ግን ሌላም አለ እላለሁ። የሁሉም የሆነውን ለመስጠት እጇ ታዘዘላት፣ የራሷን ግን መስጠት አቃታት። ይህን ፍርሃት ብላችሁ እንዳታልፉት። ገመናዋ ነው። ደረሰብኝ ብሎ መናገር ራሱ ሌላ መደፈር የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ።

የሞተች ጊዜ ደዴ ያን ጉንጉን ቆረጠችው። አሁን ሳልሴዶ ሙዚየማቸው ውስጥ በመስታወት ሥር አለ። በእውነት አለ፣ ልቦለድ አይደለም። ሰው መጥቶ ያየዋል። እኔ መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ያ ጉንጉን ውስጥ አሁንም ወረቀቱ ያለ ይመስለኛል።

ሻይ_ቡና፦

@የሐረር_ልጅ ይሄን ቢሮ ውስጥ አንብቤ መነጽሬን አወለቅኩ። በየዓመቱ ኅዳር 16 መሥሪያ ቤታችን ነጭ ሪባን ደረታችን ላይ ያደርጉልናል፣ ስለ ሴቶች ጥቃት ንግግር ይደረጋል፣ 16ቱ ቀናት ይባላል። ቀኑ ከየት እንደመጣ አንድም ሰው ነግሮን አያውቅም። ከነሱ ነው?

ገጽ_በገጽ፦

@ሻይ_ቡና ከነሱ ነው። በ1981 ቦጎታ ላይ የተሰበሰቡ የላቲን አሜሪካ ሴቶች ቀኑን መረጡት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በ1999 ተቀበለው። ሪባኑን ለሚያድሉት ሰዎች ብትነግራቸው ጥሩ ነበር።

ማታ_አንባቢ፦

ሁላችሁም መጽሐፉን ወዳችሁታል። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን የጎደለ ነገር አለ፣ እሱንም እንናገር።

በ1937 ትሩሂዮ በድንበሩ አካባቢ የነበሩ ሄይቲያውያንን አስጨፈጨፈ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ወታደሮቹ ፓርስሊ የሚባለውን ቅጠል እያሳዩ ስሙን በስፓኒሽ ጥራው ይሉ ነበር ይባላል። የሄይቲ ሰው በዚያ ቃል ውስጥ ያለውን «ር» እንደ ስፓኒሾቹ አያወጣውም። ምላሱ አሳልፎ ይሰጠዋል። የትሩሂዮ ዘመን ትልቁ ደም ይህ ነው። እህቶቹ ያኔ ልጆች ነበሩ፣ ገባኝ። ግን በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላገኘም። ግፉ በደንብ የሚታየን ደህና ኑሮ ባላቸው ሰዎች ቤት ሲገባ ነው።

ፌላንም አስቡ። የቤት ሠራተኛዋ። የሞቱት እህቶች መንፈስ ያድርባታል፣ ሰዎች ሊያነጋግሯቸው ወደሷ ይመጣሉ። ደዴ ተቆጥታ ታስቆማታለች። ደራሲዋ ለፌላ ግማሽ ምዕራፍ ብትሰጣት ምን ነበረበት? ሙታኑ በሷ አፍ የሚናገሩ ከሆነ፣ የመጽሐፉን ሥራ የምትሠራው እኮ እሷም ናት።

ሦስተኛም ልጨምር። የዚያን ቀን የሞቱት አራት ናቸው። ሹፌሩ ሩፊኖ ዴ ላ ክሩስ አራተኛው ነው። አድርሶ ሊመልሳቸው ብቻ የሄደ ሰው ነው፤ አብሯቸው ተገደለ። ሰው «ሦስቱ እህቶች» ባለ ቁጥር ስሙ ይዋጣል። እዚህ ክር ላይ እንኳ እስካሁን አልተጠራም። ስሙን ልጽፈው ብዬ ነው የገባሁት።

መምህሩ_ከደብረ_ማርቆስ፦

@ማታ_አንባቢ ስሙን ስለጠራህልን እግዜር ይስጥህ። ስለ 1937ም ልክ ነህ፣ መከላከያ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ላክል። ደራሲዋ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለአንባቢ የጻፈችው ማስታወሻ አለ። እውነተኞቹን እህቶች አላውቃቸውም፣ አፈ ታሪኮቹንም አልፈለግኳቸውም፣ ይህ የኔ ሚራባሎች ታሪክ ነው ትላለች። ሰውን ወደ አምላክነት ከፍ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ትሩሂዮን አምላክ ያደረገው ያው ፍላጎት ነው የሚል ሐሳብም አላት። እኔ ይህን አንብቤ ሚኔርቫን የወደድኩበትን ምክንያት መረመርኩ። እንደ ሐውልት ነበር የወደድኳት።

የመጨረሻ ምዕራፏን እንደገና አየሁት። ከእስር ወጥታ በቁም እስር ላይ ነች። ሕዝቡ በየመንገዱ በዓይኑ ሰላምታ ይሰጣታል፣ ቢራቢሮዋ ይላታል። እሷ ግን ፈርታለች። ከቤት መውጣት ያስፈራታል፣ ድምፅ ያስደነብራታል። የድሮዋን ሚኔርቫ እየተጫወተች ነው የምትውለው። ይህን ለማንም አትናገርም፣ ለእኛ ለአንባቢዎቿ ብቻ። ለካ ከጥፊው ይልቅ ይህ ነው ጀግንነቷ። እዚያ ላይ አለማቆሜ ይቆጨኛል።

ገጽ_በገጽ፦

መምህር፣ ያ ምዕራፍ የሚያልቅበትን ቦታ አስተውለዋል? ያን ቀን ጠዋት መንገድ ላይ ቆመው ቦርሳ ይገዛሉ። ማሪያ ቴሬሳ ቦርሳ አምሯት። በዚያ ቀን ቦርሳ! አንባቢው እያወቀ እነሱ ዋጋ ያያሉ። ከዚያ እስረኞቹን ጠይቀው ወደ ማታ ተራራውን መውጣት ይጀምራሉ። ሚኔርቫ የተሰማትን ስትናገር፣ ልጅ ሆነን በጨለማው ግቢ ስናልፍ፣ ትንሽ ፈርተን ትንሽም ደስ ብሎን፣ ከመታጠፊያው ወዲያ መብራት ያለበት ቤታችንን ስንጠብቅ እንደነበረው ነው የምትል ዓይነት ነገር ትላለች። እዚያ ያልቃል። ግድያው የለም። ደራሲዋ ገዳዮቹን በሚኔርቫ ዓይን ልታሳየን እምቢ አለች።

ግድያውን የምንሰማው ከደዴ ነው። ደዴም አላየችውም። ሰው እየመጣ ነው የነገራት። አንዱ መንገድ ላይ አየኋቸው ይላታል፣ ሌላው ሌላ ነገር። በየቀኑ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ እየሰማች የእህቶቿን ሞት ቁራሽ በቁራሽ ሰበሰበች። ሬሳቸውን በፒክአፕ ጭነው ሲመለሱ እሷ ከኋላ ከሬሳው ጋር ናት። ወታደር ባየች ቁጥር «ነፍሰ ገዳዮች!» እያለች ትጮሃለች። ባሏ ሃይሚቶ ጩኸቷ እንዳይሰማ ሞተሩን ያስጓራዋል። ይህ ሰው ነው ወደ ትግሉ እንዳትገባ የከለከላት፣ ልጆቿን ይዞባት የሄደው። አሁን ደግሞ ድምፅዋን በሞተር ይውጠዋል። ግን እሷን ለማትረፍ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው። ይህን ሰው መጥላት አቃተኝ።

ከዚያ የእህቶቿን ስድስት ልጆች ከእናቷ ጋር አሳደገች።

የመጨረሻው ገጽ ላይ እንቅልፍ አጥታ ተኝታለች። በሐሳቧ ቤተሰቡን ታያለች፣ እናት፣ አባት፣ እህቶቿ። የጎደለ ሰው አለ። ትቆጥራለች። እንደገና ትቆጥራለች። የጎደለችው ራሷ ናት። ደዴ። ተርፋ ታሪኩን የምትናገረው። እኔን ሌሊቱን ሙሉ ያነቃኝ ይህ ነው። የሞቱት ሁሉ አሉ፣ በሕይወት ያለችው ናት ከቆጠራው የጠፋችው። ጥያቄዬንም የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

እናት_ዓለም፦

ልጽፍ አልጽፍ ስል ነበር።

እናቴ አራት እህትማማቾች ነበሩ። ሦስተኛዋ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም። ለቅሶ መቀመጥ አልተቻለም፣ ያኔ አይፈቀድም ነበር። አያቴ በር ዘግታ ነው ያለቀሰችው ይባላል። እናቴ ያን ቀን አብራት ልትወጣ ነበር፤ ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ ርጥብ ሆኖ ቀረች። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ። «እጄ ርጥብ ነበር» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

የመጨረሻውን ገጽ እንደጨረስኩ ደወልኩላት። ስለ መጽሐፉ አልነገርኳትም። ዝም ብዬ «እማዬ፣ ስንት እህትማማች ናችሁ?» አልኳት። የማውቀውን ለምን እንደምጠይቅ ግራ ገብቷት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በስም ቆጠረችልኝ። ትልቋን፣ ራሷን፣ ሦስተኛዋን፣ ትንሿን። «አራት ነን» አለች።

ገጽ_በገጽ፦

«ነን» ነው ያለችው? «ነበርን» አላለችም?

እናት_ዓለም፦

«ነን» ነው ያለችው።